መልስ፦ ማታ ብስኩት ስጀምር ማቆም ለምን ያቅተኛል?

እህቴ፣ «ቀኑን በቡና ብቻ እውላለሁ፤ ማታ ብስኩት ከነካሁ ፓኬቱ ሳያልቅ አልተውም፤ ሰነፍ ሆኜ ነው?» ላልሽው፣ በፍጹም ስንፍና አይደለም። ሆድ ባዶ ሲቆይ ግሬሊን የተባለው የረሃብ ሆርሞን ከፍ ይላል። በዚያ ላይ ስኳርና ስብ አብረው ሲመጡ ዶፓሚን የተባለውን የአንጎል መልእክት አስተላላፊ ኬሚካል መስመር ይቀሰቅሳሉ። ዶፓሚን ደግሞ በዋናነት የሚያንቀሳቅሰው ጉጉቱን እንጂ እርካታውን አይደለም፤ ጣዕሙ ከሰለቸሽ በኋላም እጅሽ የማይመለሰው ለዚህ ነው። የሥነ ምግብ ተመራማሪው ኬቨን ሆል በ2019 ባሳተመው ጥናት 20 ሰዎች በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ ሲቀርብላቸው ብዙም ያልተቀነባበረ ምግብ ከቀረበላቸው ጊዜ ይልቅ በቀን 500 ካሎሪ ገደማ አብልጠው በልተዋል፤ በሁለቱም ጊዜ የቀረበላቸው ስኳርና ስብ እኩል ሆኖ ሳለ።

ስለዚህ ከቀኑ ጀምሪ። ጠዋት እንቁላል ወይም ሽሮ በእንጀራ ብዪ፣ ከዚያም በአንዱና በሌላው ምግብ መካከል ከ4 ሰዓት በላይ ባዶ ሆድሽን አትቆዪ። ብስኩት ካማረሽ ከራት በኋላ 3 ፍሬ ሳህን ላይ አውጥተሽ ፓኬቱን መልሺው። ብዙዎች የሚሳሳቱት በማግስቱ ነው፦ ለማካካስ ምግብ ይዘላሉ፣ ማታ ያው ይደገማል። አደራ፣ ይህን አታድርጊ።

ራስን መቆጣጠር የሚያሳጣው አበላል በሳምንት 1 ጊዜና ከዚያ በላይ ለ3 ወር ከቀጠለ በሕክምና ስም ያለው፣ በንግግር ሕክምና የሚረዳ ችግር ነው። ማስመለስ ካለበት ግን 3 ወር አትጠብቂ፤ አሁኑኑ ሐኪም ዘንድ ሂጂ።