ቡናዬ ጎማ ጎማ ይሸተኛል

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ ከሁለት ወር በፊት ኃይለኛ ጉንፋን ይዞኝ ለሳምንታት ምንም አይሸተኝም ነበር። አሁን ማሽተት ጀምሬያለሁ። ግን ቡና ስቆላ የተቃጠለ ጎማ ነው የሚሸተኝ። ሽንኩርት ሳቁላላም ያው ነው። ጽጌረዳ ደግሞ ደህና ነው። ምን ሆኜ ነው? (ከደሴ)

መልስ፦ እህቴ፣ ቡናዎ ደህና ነው። አፍንጫዎም እያገገመ ነው፤ ብቻ ገና አልተሟላም።

ቡና ሲቆላ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሞለኪውሎች ይተናሉ። አብረው ከትንፋሽዎ ጋር ሽቅብ ወጥተው የአፍንጫ ጣሪያ ላይ ባለው ንፍጥ ውስጥ ይሟሟሉ። እዚያ የማሽተት ነርቮች ጫፍ ላይ ተቀባይ የሚባሉ ፕሮቲኖች አሉ። ሰው ወደ 400 ዓይነት አለው፤ አንድ ነርቭ ግን የሚይዘው አንዱን ዓይነት ብቻ ነው። ሞለኪውሉ ተቀባዩ ጉያ ውስጥ ገብቶ ቅርጹና ኤሌክትሪካዊ ጠባዩ ከገጠመ፣ ፕሮቲኑ ይታጠፋል፤ ነርቩም ለአንጎል ምልክት ይልካል። ቅርጽ ምን ያህል ወሳኝ ነው ቢሉኝ፣ ካርቮን የሚባለውን ሞለኪውል ልንገርዎ። አንዱ ናና ናና ይሸታል። የመስታወት ምስሉ የሆነው መንትያው ግን ፈረንጆች ዳቦ ላይ የሚነሰንሱትን ካራዌይ የተባለ ቅመም ይሸታል።

ይህን ብዙዎች በቁልፍና በጓጉንቸር ይመስሉታል። እኔ ምሳሌው አይጥመኝም። አንዱ ሞለኪውል ብዙ ተቀባዮችን ይነካል፤ አንዱ ተቀባይም ብዙ ሞለኪውሎችን ያስተናግዳል። ክራር ይሻላል፦ "ቡና" ማለት አብረው የተመቱት ክሮች ድምፅ ነው።

የእርስዎን ክሮች ቫይረሱ በጥሷቸዋል። ደግነቱ የማሽተት ነርቮች ከሥር እየበቀሉ ይተካሉ፤ ግን ሁሉም ባንድ ቀን አይደርሱም። ቡናና ሽንኩርት ውስጥ ደግሞ ድኝ ያለባቸው፣ በኢምንት መጠን እንኳ የሚሸቱ ሞለኪውሎች አሉ። እንደ እርስዎ ያሉ ታካሚዎችን በብዛት የሚያስቸግሩት እነሱ ናቸው። የቀረው ክር ሳይመታ እነሱ ብቻቸውን ሲጮሁ አንጎል "ተቃጠለ!" ይላል። ጽጌረዳ ላይ ይህ ጣጣ የለም።

ምን ይደረግ? ጽጌረዳ፣ ባሕር ዛፍ፣ ሎሚና ቅርንፉድ ያዘጋጁ። ጠዋትና ማታ እያንዳንዱን ለ20 ሰከንድ ያህል፣ የድሮ ሽታውን እያስታወሱ ያሽትቱ። ቢያንስ ለ3 ወር። ተአምር አይጠብቁ፤ ብዙ ሰው ግን ቀስ በቀስ ይሻለዋል። እስከዚያ ቡናውን ሌላ ሰው ይቁላልዎ። ምግብም ቀዝቀዝ ሲል ብዙ ስለማይተን ይቀልዎታል።

አፍንጫዎ በአንድ በኩል ብቻ ከተደፈነ ወይም ከደማ፣ የአንገት በላይ ሐኪም ይይዎት። ለጊዜው ያደረ ወጥም ሆነ የጋዝ ሽታ ላይ አፍንጫዎን አይመኑት፤ የቤት ሰው ያሽትልዎ።