በመናገሻ ሱባ ጫካ ዝንቦችን ፈልጎ ስለመለየት ለቀረበው ጥያቄ

መምህር፣ የተፈጥሮ ክበብዎን 20 ያህል አባላት በጥቅምት ወር ወደ መናገሻ ሱባ ጫካ ወስደው ዝንቦችን ለመፈለግ እንዳሰቡ ገልጸው፣ ምን መያዝ እንደሚገባና የሚያገኙትን ዝንብ ሁሉ በዚያው ቀን እስከ ዝርያው ድረስ መለየት ይቻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔ ከሌላ ክበብ ጋር ወደዚያው ጫካ ሦስት ጊዜ ሄጃለሁ። የመጀመሪያው ጉዞ ከሞላ ጎደል የከሸፈ ስለነበር መልሴን ከእሱ ብጀምር ይሻላል።

በዚያን ቀን 18 ሰዎች ነበርን፤ ሁላችንም መረብ ይዘን በመኪናው መንገድ ላይ ተበታትነን ረጅም መንገድ ተጓዝን። ማታ 60 ያህል ብልቃጥ ይዘን ተመለስን። በማግስቱ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን ስናይ ከግማሽ በላይ የሚሆነው ንብና ተርብ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ የባሰው ግን ቦታውንና ሰዓቱን በትንንሽ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ጽፈን በየብልቃጡ ከትተን ስለነበር፣ ናሙናዎቹን ለማቆየት የጨመርነው አልኮል ቀለሙን አሟሙቶት ወረቀቶቹ ሁሉ ሰማያዊ ነጠብጣብ ብቻ ሆነው መቅረታቸው ነው። የትኛው ከጅረቱ ዳር፣ የትኛው ከእበት ላይ እንደተያዘ ማንም ሊያስታውስ አልቻለም። ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው የሚይዙት እርሳስ ይሁን። ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የያዘው ሰው ስምና ዝንቡ ምን ላይ እንደነበረ ወፍራም ወረቀት ላይ በእርሳስ ተጽፎ፣ ዝንቡ ገና በተያዘበት ቅጽበት ብልቃጡ ውስጥ መግባት አለበት፤ «ምሳ ላይ እንጽፈዋለን» የተባለ ነገር አይጻፍም።

ዝንብን ከንብ መለየቱን ከጉዞው በፊት በክፍል ውስጥ ያለማምዷቸው። ንብና ተርብ አራት ክንፍ ሲኖራቸው ዝንብ ሁለት ብቻ አለው፤ የኋለኞቹ ክንፎች ተለውጠው በበረራ ጊዜ ሚዛን የሚጠብቁ ሁለት ትንንሽ ዘንጎች ሆነዋል። አሥር እጥፍ በሚያጎላ የእጅ መነጽር ከክንፉ ሥር ቢመለከቱ፣ ጫፋቸው የተድበለበለ የከበሮ መምቻ የሚመስሉ ሆነው ያገኟቸዋል። ነገር ግን አበባ ላይ ያለ ነፍሳት ክንፉን አስቆጥሮ አይጠብቅም። በሩቁ የሚረዳው ፊቱን ማየት ነው፤ አበባ ላይ ንብ የሚመስሉት ዝንቦች ዓይናቸው ጭንቅላታቸውን ከሞላ ጎደል ይሸፍናል፣ አንቴናቸውም እጅግ አጭር ስለሆነ የሌላቸው ይመስላሉ። በሁለተኛው ጉዟችን በአካባቢው ቀፎ ያላቸው አንድ አባት መረባችንን አይተው ንቦቻቸውን የምንይዝ መስሏቸው ተቆጡ። ኤሪስታሊስ ከሚባለው ወገን የሆነውን ቡናማ ዝንብ በብልቃጥ ስናሳያቸው ዓይኑን አየት አድርገው «ይህማ ድንጉላ (ወንድ ንብ) ነው፣ አይናደፍም» አሉን። መናደፊያ እንደሌለው በትክክል አውቀዋል፤ የሳቱት በንብ መሰልነቱ ብቻ ነው፣ እሱም የሚኖረው በዚሁ ማታለል ነው። ትሉ ረጅም መተንፈሻ ጅራት ያለውና በቆሸሸ ውኃ ውስጥ የሚያድግ መሆኑን ስንነግራቸው ግን አላመኑንም።

በአንድ ቀን እስከ ዝርያ መድረስ ይቻል ይሆን ላሉት መልሴ አይቻልም የሚል ነው፤ መሞከሩንም አልመክርም። በዓለም ላይ ስም የተሰጣቸው የዝንብ ዝርያዎች ከ150,000 በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም የሚለዩት በማይክሮስኮፕ፣ አንዳንዶቹም የወንዱ የመራቢያ አካል ተፈትቶ ነው። እስከ ቤተሰብ፣ ማለትም ተቀራራቢ ዝርያዎችን በጋራ እስከሚይዘው ምድብ ድረስ መለየት ግን ለጀማሪም የሚቻል ነው፤ ለዚህም የክንፍ ጅማት፣ ማለትም በክንፉ ላይ የሚታዩት መስመሮች፣ ከቀለም ይልቅ የታመነ ነው። በአየር ላይ ቀጥ ብለው የሚያንዣብቡት ሲርፊዶች በክንፋቸው መሐል ከሌሎቹ ጅማቶች ጋር የማይያያዝ አንድ ሐሰተኛ ጅማት አላቸው። ሌሎች ነፍሳትን በአየር ላይ የሚያድኑት አሲሊዶች ደግሞ በሁለቱ ዓይኖቻቸው መካከል አናታቸው የጎደጎደ፣ ፊታቸውም ጢማም ነው። ከሰሃራ በታች ላሉ ዝንቦች የተዘጋጀውና ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በደቡብ አፍሪካ የታተመው ባለ ብዙ ቅጽ መለያ በነፃ ስለሚገኝ፣ የቤተሰቦቹን መለያ ገጾች አትመው ይውሰዱ።

ቦታን በተመለከተ፣ ዘራቸውን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ጫካ አስመጥተው አስተክለዋል የሚባልላቸው ጥዶች ለዓይን ያማሩ ቢሆኑም፣ አበባ ለሚጎበኝ ዝንብ ጥላቸው ብርድ ነው። ፀሐይ የሚያርፍበትን የጫካውን ዳር፣ ያበበ ቁጥቋጦ ያለበትን ገላጣ ስፍራ፣ የጅረቱን ጭቃማ ዳርና የከብት እበት ይምረጡ። ዝንብ ሰውነቱ ካልሞቀ ስለማይበር ከጠዋቱ 3 ሰዓት ተኩል በፊት መድከም ዋጋ የለውም። በሦስተኛው ጉዞ አራት አራት ሰው ሆነን፣ እያንዳንዱ ቡድን በአንድ ስፍራ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳይንቀሳቀስ እንዲቆይ አደረግን፤ ከመጀመሪያው ጉዞ በጣም ያነሰ መንገድ ሄደን በእጥፍ የሚበልጡ ቤተሰቦችን አገኘን። ለአንድ ቡድን አንድ መረብ ይበቃል፤ የቀሩት ያያሉ፣ ይጽፋሉ፣ ፎቶ ያነሳሉ።

መረቡን ከአሮጌ አጎበርና ከወፍራም ሽቦ ራሳችሁ መሥራት ትችላላችሁ። ዝንቡ መረቡ ውስጥ ሲገባ የመረቡን ጫፍ ወደ ላይ አንሱት፤ ዝንብ ሲደነግጥ ወደ ላይና ወደ ብርሃን ስለሚሸሽ ብልቃጡን ከታች አስገብቶ መክደን ቀላል ይሆናል። ቢጫ የፕላስቲክ ሳህን ውስጥ ውኃና ሁለት ጠብታ ፈሳሽ ሳሙና ጨምራችሁ መሬት ላይ ብታስቀምጡም የአበባ ቀለም መስሏቸው የሚያርፉ ዝንቦች ይሰምጣሉ፤ ማታ በሻይ ማጥለያ አጥልላችሁ አልኮል ውስጥ ትከቷቸዋላችሁ። ሳህን ላይ ንብም ስለሚያርፍ ከቀፎ አጠገብ አታድርጉት። ሲርፊዶችንና ሌሎች ጸጉራም ዝንቦችን ግን አልኮል ውስጥ አትክተቱ፤ ጸጉራቸው ተጣብቆ ቀለማቸውም ይበላሻል። እነሱን በደረቅ ብልቃጥ ይዞ፣ ቤት ሲደርሱ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሮ በመርፌ መውጋት ይሻላል።

ጫካውን ከሚያስተዳድረው መሥሪያ ቤት ነፍሳት ለመያዝ የሚፈቅድ ደብዳቤ ቀደም ብለው ይጠይቁ፤ በር ላይ የሚከፈለው የመግቢያ ክፍያ መያዝን አይፈቅድም፤ እኛም በሁለተኛው ጉዞ መረባችንን ጥበቃ ክፍል ትተን ለመግባት ተቃርበን ነበር። ከመካከላችሁ ናሙናውን ውጭ አገር ላለ ባለሙያ ለመላክ የሚያስብ ካለ፣ ያ ጉዳይ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትን ፈቃድ ይጠይቃል። ለባለሙያ አስተያየት ብቻ ከሆነ የፊቱንና የክንፉን ጥርት ያለ ፎቶ ከነመለያ ጽሑፉ መላክ አብዛኛውን ጊዜ ይበቃል።