ጥያቄና መልስ፦ ሆስፒታሉ አልጋውን ሊያነሳ ነው፣ ልጄ ከጦሩ ወጣ፣ ሌሎችም

በአብዛኞቹ የአሜሪካ ስቴቶች ምክር ቤቱ ሥራ የሚጀምረው በጃንዋሪ ነው። ያኔ የእናንተም ደብዳቤ ይበዛል። በዚህ ዙር ሁለት ነገር ተደጋግሞ መጥቷል። ከትልቅ ከተማ ርቀው የሚኖሩ ሰዎች ስለ ሆስፒታላቸው ይጠይቃሉ። በአሜሪካ ጦር ያገለገሉና ወላጆቻቸው ደግሞ ስለ ቪኤ፣ ማለትም የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ ስለሚይዘው የፌዴራል መሥሪያ ቤት። ደብዳቤዎቹን አሳጥሬያቸዋለሁ፣ የጸሐፊዎቹንም ስም ትቻለሁ። ጠበቃም ሐኪምም እንዳልሆንኩ ከወዲሁ ይታወቅልኝ።

ጥ፦ ካንሳስ ውስጥ ስጋ ፋብሪካ የምትሠራ እህት ናት የጻፈችው። በከተማቸው ያለው ሆስፒታል አንድ ነው። ማዋለድ ካቆመ ሰነበተ። አሁን ደግሞ በሽተኛ ማስተኛቱን ትቶ ድንገተኛ ክፍሉን ብቻ ሊያስቀር ነው ይባላል። «ይሄ መዘጋት ማለት ነው? የመረጥነው ሰውዬ ስቴቱ መላ ይፈልጋል እያለ ነው፤ እንመነው?»

መ፦ አይዘጋም። ግን የምታውቂው ሆስፒታልም አይሆንም። የፌዴራል መንግሥት ከ2023 መጀመሪያ አንስቶ «የገጠር ድንገተኛ ሆስፒታል» የሚባል አዲስ ዓይነት ፈቅዷል። ድንገተኛ ክፍሉ ሌት ተቀን ክፍት ነው፣ ተኝቶ መታከም ግን የለም። በምትኩ ሜዲኬር፣ ማለትም በአብዛኛው ለአረጋውያን የሚሆነው የፌዴራል የጤና መድን፣ በየወሩ ቁርጥ ያለ ገንዘብ ይሰጠዋል፣ ለተመላላሽ ሕክምናም 5 በመቶ ይጨምርለታል። ይህ እንዲሆን ስቴቱ ፈቃድ የሚሰጥበት ሕግ ሊኖረው ይገባል። ካንሳስ ሕጉን ያወጣችው በ2021 ነው፣ ከቀደሙት አንዷ ሆና።

ለአንቺ ምን ማለት ነው? ፋብሪካ ውስጥ ቢላ እጅሽን ቢቆርጥሽ እዚያው ይሰፉሻል። ባለቤትሽ የሳንባ ምች ይዞት ሦስት ሌሊት መተኛት ካለበት ግን በአምቡላንስ ሌላ ከተማ ይሄዳል። ስለዚህ ከአልጋው ይልቅ ስለ አምቡላንሱ ጠይቂ። ስንት አለ? ደሞዝ የሚከፈለው ሠራተኛ አለው ወይስ በጎ ፈቃደኞች ናቸው? አንዱ በሽተኛ ጭኖ ሁለት ሰዓት መንገድ ሲሄድ ለከተማው ምን ይቀራል?

አሁን የእኔ ነገር ሊመጣ ነው፤ ታገሺኝ። የትንሽ ከተማ ድንገተኛ ክፍል ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ምን እንደሚመስል አስቢው። መጠበቂያው ባዶ ነው፣ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ለብቻው ይታያል። አንድ ሐኪም አለ፣ ሁለት ነርሶች አሉ። የራጅ ባለሙያዋ ስልኳን ትራሷ ሥር አድርጋ ቤቷ ተኝታለች። ማንም አልመጣም። ሰው ካልመጣ ደግሞ ሂሳብ የሚላክለት የለም። ሐኪሙ ግን ይከፈለዋል፤ ነርሶቹም፣ መብራቱም፣ ኦክስጅኑም። በየወሩ የዕድር መዋጮ የምናወጣው ሰው ስለሞተብን ነው እንዴ? ድንኳኑ ለክፉ ቀን ተዘጋጅቶ እንዲቆይ ነው። እዚህ አገር የሕክምና ክፍያ በአብዛኛው የሚሰላው በመጣው በሽተኛ ልክ ነው። ዳላስ ላይ ይሄ ያስኬዳል። አምስት ሺህ ሰው ባለበት ከተማ አያስኬድም።

ይሄን ለማስታገስ በ1997 የወጣ ሕግ አለ። ከ25 የማይበልጥ አልጋ ያላቸው ራቅ ያሉ ሆስፒታሎች ሜዲኬር ባወጡት ወጪ ልክ ይከፍላቸዋል። ደግ ነው። ግን ሜዲኬር በአብዛኛው የአረጋውያን ነው፣ ፋብሪካ የሚውለው የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ የለውም። ካንሳስ ደግሞ ሜዲኬድን፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ ለተጨማሪ ሰዎች ካላሰፉት 10 ስቴቶች አንዷ ናት። ኢንሹራንስ የሌለው ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲመጣ ሆስፒታሉ የማየት ግዴታ አለበት። ሂሳቡ ግን ብዙ ጊዜ ሳይከፈል ይቀራል።

የስቴት ምክር ቤት ከተነሳ ብዙ መሥራት ይችላል። ግን መቼ እንደሚነሳ እዩ። ካሊፎርኒያ ውስጥ የማዴራ ሆስፒታል በ2023 መጀመሪያ ተዘጋ። የእርሻ አካባቢ ነው፣ ሰዉ ፍሬዝኖ ድረስ መሄድ ግድ ሆነበት። ምክር ቤቱ በሜይ የተቸገሩ ሆስፒታሎች ያለ ወለድ የሚበደሩበት የ150 ሚሊዮን ዶላር ፈንድ አቋቋመ፣ ኋላም ጨመረበት። ማዴራ ዳግም የተከፈተው በማርች 2025 ነው። ከሁለት ዓመት በላይ! አንዴ የተዘጋ ሆስፒታል ቁልፉን ስላዞርክለት አይከፈትም። ነርሶቹ ሌላ ሥራ ይዘዋል፣ ፈቃዱ እንደገና ይጠየቃል። ለሚከስር ተቋም ብድር ስጡት ማለትም እኔ ብዙ አይገባኝም። ቢሆንም ከምንም ይሻላል።

እኔን የሚጥመኝ የሜሪላንድ መንገድ ነው። ሆስፒታሉ በሽተኛ ቢመጣም ባይመጣም የዓመቱ ገቢው ቀድሞ ይወሰንለታል። በ2010 በገጠር ሆስፒታሎች ጀመሩት፣ ከ2014 ወዲህ ወደ ሌሎቹም አሰፉት። ፔንስልቬንያም ለገጠሮቿ ከ2019 እስከ 2024 ሞክራዋለች። ፍጹም ነው አልልም። ግን ባዶውን ሌሊት የሚከፍል እሱ ነው።

ዋሽንግተንስ? በጁላይ 2025 የጸደቀው ትልቁ ሕግ ለገጠር ጤና 50 ቢሊዮን ዶላር መድቧል፣ በዓመት 10 ቢሊዮን እየተባለ ለአምስት ዓመት። ግማሹ ለስቴቶች እኩል ይከፋፈላል። ያው ሕግ ግን ሜዲኬድን ይቆርጣል። የጤና ፖሊሲ የሚያጠናው ኬኤፍኤፍ የተባለ ተቋም በገጠሩ ብቻ በአሥር ዓመት 137 ቢሊዮን ዶላር ይቀንሳል ብሎ ገምቷል። ሂሳቡን ራሳችሁ ሥሩት።

እና የመረጣችሁትን ሰውዬ በቃሉ ብቻ አትመኚው፣ ጠይቂው። ገንዘቡ የአንድ ጊዜ ነው ወይስ የየዓመቱ? አምቡላንሱ ይደርሰዋል? በጀቱን የያዘው ኮሚቴ ውስጥ ማን አለ? ሦስቱን መመለስ ካቃተው መላ እየፈለገ አይደለም።

ጥ፦ የስቴት ሴናተርና ዋሽንግተን ያለው ሴናተር አንድ ናቸው?

መ፦ አይደሉም። ነብራስካ የምትኖር ከሆነ ደግሞ የስቴቱ ምክር ቤት አንድ ብቻ ነው፣ አባላቱም ሁሉም ሴናተር ይባላሉ፤ ግራ ብትጋባ አልፈርድብህም።

ጥ፦ አንዲት እናት ከቴክሳስ። ልጃቸው ከጦሩ ሲወጣ ጉልበቱም ጆሮውም ተጎድቷል። የአካል ጉዳት ክፍያ እናስጨርስልሃለን የሚል ኩባንያ በኢንተርኔት አገኘው። ክፍያው ሲጨምር የአምስት ወር ጭማሪውን ለእኛ ትሰጣለህ ብለው ውል አቅርበውለታል። «ይፈርም?»

መ፦ እማማ፣ አይፈርም! እስክሪብቶውን ይቀሙት። በፌዴራል ሕግ ለመጀመሪያው ማመልከቻ ማንም ሰው ገንዘብ መቀበል አይችልም። ቪኤ ዕውቅና የሰጠው ጠበቃ እንኳ ማስከፈል የሚችለው የመጀመሪያው ውሳኔ ከተሰጠ በኋላ ነው። ታዲያ እነዚህ ሰዎች በምን ድፍረት ይነግዳሉ? የወንጀል ቅጣቱ ከሕጉ ውስጥ በ2006 ስለወጣ ነው። የተከለከለ ነው፣ የሚቀጣ ግን የለም። ለዚህ ነው ነገሩ ወደ ስቴት ምክር ቤቶች የወረደው። ኒው ጀርሲና ሜይን የሚከለክል ሕግ አወጡ። ሉዊዚያና በ2024 በተቃራኒው ክፍያውን ፈቅዳ 12,500 ዶላር ጣሪያ አበጀችለት። ጣሪያ መሆኑ ነው እንግዲህ! ከወታደር ጉልበት 12,500 ዶላር።

ልጅዎ የሚሄድበት ቦታ ነፃ ነው። ቴክሳስ ውስጥ በብዙ ካውንቲዎች የቀድሞ ወታደሮችን ጉዳይ የሚያስፈጽም ሠራተኛ አለ፤ ደሞዙን የሚከፍለው ካውንቲው ነው። የአሜሪካን ሊጅንና ዲኤቪ የተባሉት የቀድሞ ወታደሮች ማኅበራትም በነፃ ይሠራሉ። ዲዲ 214 የሚባለውን የመልቀቂያ ወረቀቱን ይዞ ይሂድ። ይሄን ምክር እንደ ወግ አይውሰዱብኝ፤ በዚህ ሳምንት ይሂድ።

በነገራችን ላይ፦ ልጁ ወደ ጦሩ የገባው ከቴክሳስ ከሆነ ሄዝልዉድ የሚባለውንም ሕግ ይጠይቅ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች እስከ 150 የክሬዲት ሰዓት ከትምህርት ክፍያ ነፃ ያደርጋል። ይሄ የቴክሳስ ምክር ቤት ሥራ ነው፣ የዋሽንግተን አይደለም።

ጥ፦ ትራክ የሚነዳ፣ አፍጋኒስታን የነበረ ወንድም። ቪኤ ሆስፒታል ከቤቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ይርቃል። «ቅርብ ያለ ሐኪም ዘንድ ብሄድ ቪኤ ይከፍላል?»

መ፦ ይከፍላል፣ አስቀድመህ ካስፈቀድክ። ለመደበኛ ሐኪምና ለአእምሮ ጤና በአማካይ ከ30 ደቂቃ በላይ፣ ለስፔሻሊስት ከ60 ደቂቃ በላይ የምትነዳ ከሆነ በአካባቢህ እንድትታከም ማመልከት ትችላለህ። ርቀቱ ባይሆን እንኳ ቀጠሮው ከ20 ቀን (ለስፔሻሊስት ከ28 ቀን) ካለፈም እንደዚያው። ሳይፈቀድልህ ከሄድክ ሂሳቡ አንተው ዘንድ ነው የሚመጣው። ድንገተኛ ከሆነ ግን ሂድ። ቪኤ በ72 ሰዓት ውስጥ እንዲነገረው ብቻ አድርግ፤ ሆስፒታሉ ይደውላል ብለህ አትተኛ። የመንገዱንም ጠይቅ፦ ለሚገባው ሰው በማይል 41.5 ሳንቲም ነው፣ ማመልከቻው በ30 ቀን ውስጥ ይገባል። እንደ አንተ ያለ ሰው ማይሉን ለመቁጠር ይቸገራል ብዬ አላምንም።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ቪኤ የፈቀደልህ የአካባቢው ሆስፒታል ክፍት መሆን አለበት። የመጀመሪያውን መልስ አንብበው።

ጥ፦ ከቨርጂኒያ። አባታቸው ከቃኘው ሻለቃ ጋር ኮሪያ ዘምተዋል። አሁን ልጃቸው ዘንድ ይኖራሉ። ከአሜሪካኖች ጎን ስለተዋጉ ቪኤ ይመለከታቸው እንደሆነ ይጠይቃሉ።

መ፦ አባትዎን እጅ ነሥቼያለሁ ይበሉልኝ። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ዘምተው ከ120 በላይ ወደቁ፣ አንድም ሰው አልተማረከም። የሚዋጉትም ከአሜሪካ 7ኛ ክፍለ ጦር ጋር ተመድበው ነበር። ቪኤ ግን በአሜሪካ ጦር ስም ያገለገለን ነው የሚያየው። ስለዚህ መልሱ አይመለከታቸውም ነው፣ ቢያናድድም። የቨርጂኒያም ጥቅማ ጥቅሞች የሚጠይቁት ያንኑ የአሜሪካ የመልቀቂያ ወረቀት ነው። የሚያስታውሳቸው የኮሪያ መንግሥት ነው፣ የዘማቾችን ጉዳይ የያዘ ሚኒስቴር አለው። በኤምባሲያቸው በኩል ጠይቁ። ስለ ሕክምናው ደግሞ፦ ግሪን ካርድ ይዘው አምስት ዓመት በተከታታይ ከኖሩ ሜዲኬርን ከፍለው መግባት ይችላሉ።

ጥ፦ «ጥገኝነት ተሰጥቶኛል፣ ግሪን ካርድ ገና ነው። ሜዲኬድ አለኝ። ይቋረጣል የሚባለው ወሬ ነው አይደል?»

መ፦ ወሬ አይደለም። በ2025ቱ ሕግ መሠረት ከኦክቶበር 1፣ 2026 ጀምሮ ስደተኞችና ጥገኝነት ያገኙ ሰዎች ግሪን ካርድ እስኪይዙ የፌዴራል ሜዲኬድ አያገኙም። ለሕይወት የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕክምና የሚከፈልበት መንገድ ይቀራል። ስቴቱ ከፈለገ በራሱ ገንዘብ ሊሸፍን ይችላል፤ ያንን የሚወስነው ምክር ቤቱ ነው። አንተ ግን እሱን አትጠብቅ። ጥገኝነት ካገኘህ አንድ ዓመት ከሞላህ ለግሪን ካርድ ማመልከት ትችላለህ። ማመልከቻውን ጓደኛህ አይሙላልህ፣ ታክስ የሚሠራልህም ሰው አይሙላልህ። የኢሚግሬሽን ጠበቃ ወይም ዕውቅና ያለው የስደተኞች ድርጅት ዘንድ ሂድ። ዛሬ።

ጥ፦ አንዲት ባለቤት ከሞንታና። ባሏ ከጦሩ ከወጣ አራት ዓመቱ ነው። አይተኛም፣ ጋራዥ ውስጥ ይውላል፣ «እኔ ባልኖር ይሻላችኋል» ማለት ጀምሯል። ቪኤ ሩቅ ነው፣ እሱም አልሄድም ብሏል።

መ፦ እህቴ፣ ይሄን የሚመልሰው ጋዜጠኛ አይደለም። 988 ደውዪ፣ ከዚያ 1ን ተጫኚ፤ የቀድሞ ወታደሮች የቀውስ ጊዜ የስልክ መስመር ነው። እሱ እምቢ ቢል አንቺ ደውዪ፣ ለቤተሰብም ነው። ቤት ውስጥ መሣሪያ ካለ ለጊዜው ከቤት ይውጣ። ከባሰ ቪኤ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፦ ከጃንዋሪ 2023 ወዲህ አብዛኛው የቀድሞ ወታደር ራሱን የማጥፋት አደጋ ላይ ከሆነ ወደ የትኛውም ድንገተኛ ክፍል ሄዶ ሳይከፍል ይታከማል፣ ቪኤ ባይመዘገብም። ተኝቶ እስከ 30 ቀን፣ በተመላላሽ እስከ 90 ቀን። ሲረጋጋ ደግሞ ቬት ሴንተር የሚባሉትን ቦታዎች ፈልጉ፤ ነፃ ነው፣ ባልና ሚስትንም አብረው ያናግራሉ። ሰው ምን ይለኛል የሚለውን ለሌላ ጊዜ አቆይው። ይሄን አንብበሽ ስትጨርሺ ደውዪ።

ጥ፦ ስቴት ምክር ቤት ሄዶ ለመናገር እንግሊዝኛዬ አይበቃም። ልቅር?

መ፦ አትቅር። የሚሰጡህ ብዙ ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ነው። አስተርጓሚ ከፈለግክ ከቀኑ ቀደም ብለህ የኮሚቴውን ጸሐፊ ጠይቅ። ካልሆነም በጽሑፍ ላክ፤ አንድ ገጽ ይበቃል። የሕጉን ረቂቅ ቁጥር ከላይ አድርግ። ከሥር አድራሻህንና ዚፕ ኮድህን ጻፍ፣ የእነሱ መራጭ መሆንህን የሚያውቁት በዚያ ነው።