ጥያቄና መልስ፦ የሞተር ክፍሉ አቧራ ከ40 ዓመት በኋላ

ጥያቄ፦ አባቴ 74 ዓመታቸው ነው። በወጣትነታቸው ለ12 ዓመት በጭነት መርከቦች ሞተር ክፍል ውስጥ በመካኒክነት ሠርተዋል። ባለፈው ወር ሳንባቸው ላይ ውሃ ተጠራቅሞ ተገኘና ናሙና ተወስዶ ሜሶቴሊዮማ (የሳንባ ሽፋን ካንሰር) ነው ተባለ። ደረታቸው ላይ ቱቦ ተገጥሞላቸው ቤት ገብተዋል፤ ፈሳሹን የምቀዳው እኔ ነኝ። እሳቸው የሚያውቁት «ውሃ ቋጥሯል» የሚለውን ብቻ ነው፤ የበሽታው ስም እንዳይነገራቸው ቤተሰቡ ተስማምቷል። ካሳ እናስገኛለን የሚሉት የጠበቆች ማስታወቂያም ግራ አጋብቶኛል። ከየት ልጀምር?
(ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ ከተስማማችሁበት ነገር ይጀምሩ፤ ሌላው ሁሉ የተንጠለጠለው እዚያ ላይ ነው። ለሕክምናው መፈረም ያለባቸው አባትዎ ናቸው። ለካሳ የሚያስፈልገውም መረጃ ያለው እሳቸው ዘንድ ነው፦ የትኛው መርከብ፣ በየትኛው ዓመት፣ ማን አብሯቸው ነበር፣ የትኛውን ፓምፕ ፈቱ፣ የማን ፋብሪካ ጓርኒሲዮን (የመጋጠሚያ ማሸጊያ) ቀየሩ። ለምን እንደሚጠየቅ ያልገባው ሰው ይህን አያወጣም። በሽታው ከጠና በኋላ ደግሞ ማስታወሱም መናገሩም ይከብዳል።

ድንገት እንደ መርዶ ይነገራቸው ማለታችን አይደለም። ሐኪሙ በአስተርጓሚ በኩል «ስለ ሕመምዎ ምን ያህል ማወቅ ይፈልጋሉ? ወይስ ለልጅዎ እንንገራት?» ብሎ ይጠይቃቸው። «ለእሷ ንገሯት» ካሉ መብታቸው ነው፤ ምርጫው ግን የእሳቸው ይሁን። አስተርጓሚ ሆስፒታሉ በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። እርስዎ አያስተርጉሙ፤ ልጅ ሲያስተረጉም ክፉው ቃል መንገድ ላይ ይቀራል።

አባትዎ «ከምን መጣብኝ?» ካሉ መልሱ ይኸው ነው። በዚያ ዘመን የመርከብ የእንፋሎት ቧንቧና ቦይለር የሚሸፈነው ሙቀት በሚከላከል የማዕድን ቃጫ፣ በአስቤስቶስ ነበር። ጥገና ሲመጣ ሽፋኑ ተቀጥቅጦ ይነሳል፤ የደረቀ ጓርኒሲዮን በሽቦ ብሩሽ ይፋቃል፤ ክፍሉ ደግሞ የታፈነ ነው። ወደ ውስጥ የተሳበው ቃጫ የሳንባው ሽፋን ላይ ደርሶ ይቀራል፤ ካንሰሩ የሚወጣው ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ነው። ሲጋራ የሜሶቴሊዮማ መነሻ አይደለም። ስለዚህ ያጨሱ ከነበረ በዚህ ራሳቸውን አይውቀሱ።

ወደ ቱቦው እንምጣ። ሐኪሙ ሌላ መጠን ካልወሰነ በአንድ ጊዜ ከ1 ሊትር በላይ አይቅዱ። እጅዎን ታጥበው ንጹሕ ጓንት ያድርጉ፤ የቱቦውን አፍ በአልኮል ይጥረጉ፤ ፈሳሹን ከሚስበው ጠርሙስ ጋር ከመጣው መቀጠያ በስተቀር መርፌም ሆነ ሌላ ነገር አይክተቱበት፤ ቫልቩ ከተበላሸ አየር ይገባል። እየቀዱ ሳለ ሳል ከያዛቸው ወይም ደረታቸውን ካመማቸው መቆጣጠሪያውን ጠበብ ያድርጉ፤ ካልተሻላቸው ያቁሙ። ይህ የሚሆነው ተጨምቆ የነበረው ሳንባ በፍጥነት ሲዘረጋ፣ ወይም ፈሳሹ አልቆ የጠርሙሱ ስበት ሽፋኑን ሲጎትት ነው። ቀኑን፣ መጠኑንና መልኩን በደብተር ይመዝግቡ። በተከታታይ ሦስት ጊዜ ከ50 ሚሊ ሊትር በታች ከወጣ ለነርሷ ይደውሉ። ትንፋሻቸው ቀሎ ከሆነ ፈሳሹ ደርቆ ቱቦው ሊወጣ ይችል ይሆናል፤ ትንፋሻቸው እየከበደ ከሆነ ግን ቱቦው ተደፍኗል ማለት ሊሆን ይችላል። ትኩሳት፣ የቱቦው ዙሪያ መቅላት፣ ወይም የደፈረሰ ፈሳሽ ካዩ እስከ ነገ አይጠብቁ። ጠርሙሶቹ ሳያልቁ አስቀድመው ይዘዙ።

ከፈሳሹ ጋር ፕሮቲን አብሮ ይወጣል። ስለዚህ እንቁላል፣ ዓሣ፣ ወተት፣ ሽሮ በትንሽ በትንሹ፣ ቶሎ ቶሎ ይስጧቸው። ጾም ከሆነና «አልበላም» ካሉ ከእርስዎ ይልቅ የንስሐ አባታቸው ቢነግሯቸው ይሰማሉ። ቡና ሲቆላና ዕጣን ሲጨስ እሳቸው ሌላ ክፍል ይሁኑ።

ትንፋሽ ሲያጥራቸው ወደ ፊት ዘንበል ብለው ክንዳቸውን ጠረጴዛ ላይ ያሳርፉ፤ ትንሽ የእጅ ቬንቲሌተር ከፊታቸው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቀው አፍንጫና ጉንጫቸው ላይ ያንፍሱላቸው። ይህ ካልበቃ ሐኪሙ አነስተኛ ሞርፊን ሊያዝ ይችላል። ሞርፊን ማለት የመጨረሻው ሰዓት ደረሰ ማለት አይደለም፤ የትንፋሽ ጭንቀትን ያቀልላል። ሆድ ስለሚያደርቅ ግን የሚያለሰልስ መድኃኒት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አብሮ ይታዘዝ።

ሐኪሙን የካንሰሩ ሕዋስ ዓይነት ምን እንደሆነ ይጠይቁ፤ የሕክምናው ምርጫ በእሱ ላይ የተመረኮዘ ነው። ቀዶ ሕክምና ለማይደረግላቸው ሕሙማን ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ በአንድነት እንዲሰጡ አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደው በ2020 ነው። እነዚህ የሰውነትን መከላከያ ስለሚያነሣሡ አንጀትን፣ ሳንባን፣ ሆርሞን አመንጪ ዕጢዎችን ሊያስቆጡ ይችላሉ። ተቅማጥ ከያዛቸው በቤት መድኃኒት ሸፍነው አይለፉት፤ የዚያኑ ቀን ይደውሉ። የታዘዘው ፔሜትሬክሰድ የሚባለው ኬሞቴራፒ ከሆነ ፎሊክ አሲዱና የቢ12 መርፌው ከመጀመሪያው ዙር አንድ ሳምንት ቀድመው ይጀመራሉ፤ ከተዘለሉ የደም ሕዋሳት ክፉኛ ይወርዳሉ። ከዚህ መድኃኒት ጋር አይቡፕሮፌን ሳይጠየቅ አይወሰድም። ከአገር ቤት የተላከ የባህል መድኃኒት ካለ ለሐኪሙ ይንገሩ።

ካሳውን በተመለከተ፣ መጀመሪያ የባሕረኛ ደብተራቸውን ይፈልጉ። የየመርከቡ ስም፣ የገቡበትና የወረዱበት ቀን እዚያ አለ። ከጠፋ አብረዋቸው የሠሩ ሰዎች በጽሑፍ ይመስክሩ። የፓቶሎጂውን (የናሙናውን ምርመራ) ውጤት ቅጂም ያያይዙ። የከሠሩ የአስቤስቶስ ኩባንያዎች ለተጎጂዎች ያቋቋሟቸው የካሳ ገንዘቦች አሉ፤ አባትዎ የማንን ምርት እንደነኩ ካሳዩ ከአንድ በላይ ሊጠየቅ ይችላል። የክስ ጊዜ ግን ይቆጠራል፦ ሜሪላንድ ውስጥ በጥቅሉ 3 ዓመት፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ከምርመራው ውጤት ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ጠበቃው ካልተሳካ እንደማያስከፍል፣ ወጪውን ማን እንደሚችል በጽሑፍ ያስፍር። የብዙዎች ዓይን የሚያመልጠው አንድ ነገር አለ፦ አባትዎ ኤስኤስአይ (ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ አረጋውያንና አካል ጉዳተኞች የሚሰጥ የመንግሥት ድጎማ) የሚቀበሉ ከሆነ በስማቸው ከ2,000 ዶላር በላይ ሲቀመጥ ይቋረጥባቸዋል። ገንዘቡ ከመምጣቱ በፊት ጠበቃውን ይጠይቁ። ሜዲኬር (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን) ለሕክምናው የከፈለውንም ከካሳው ላይ ሊያስመልስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ የሥራ ልብሱን ቤት እያመጣ ለዓመታት ያጠብኩት እኔ ነኝ። በሽታው ይጋባል? ምርመራ ልግባ?
(ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ በሽታው አይጋባም፤ በአንድ ማዕድ መብላት፣ አብሮ መተኛት ምንም አያመጣም። ልብሱ ሲራገፍ የተነሳው አቧራ ግን እርስዎም ጋ ደርሶ ሊሆን ይችላል፤ በዚህ መንገድ የታመሙ ሚስቶችና ልጆች አሉ። ደህና ለሆነ ሰው በየዓመቱ ሲቲ ስካን መነሳት ሜሶቴሊዮማን ቀድሞ በመያዝ ዕድሜ እንደሚያራዝም አልታየም። ለሐኪምዎ ግን አስቤስቶስ እንደነበረ ነግረው ካርድዎ ላይ ያስጽፉ። የማይለቅ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር፣ የአንድ ጎን ደረት ሕመም ወይም የክብደት መቀነስ ከመጣ ራጅ ይነሱ።

ጥያቄ፦ ጋራዥ አለኝ። የድሮ የፍሬን ሸራ ስንፈታ የሚነሳው አቧራ ያሰጋናል?
(ከአዳማ)

መልስ፦ አዎ፣ የድሮ ሸራና የፍሪሲዮን ዲስክ አስቤስቶስ ሊኖርበት ይችላል። በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ ዋናው ጥፋት እሱ ነው። ሳሙና ባለው ውሃ በዝግታ አርጥባችሁ በጨርቅ ጥረጉ፤ ጨርቁን እርጥብ እንዳለ በፕላስቲክ አስራችሁ ጣሉት። ወለሉን ደረቅ አትጥረጉ። የጨርቅም ሆነ የሕክምና ማስክ ቃጫውን አያስቀርም፤ ፒ100 የሚል ማጣሪያ ያለው ያስፈልጋል። የሥራ ልብሱ እዚያው ጋራዡ ይቀመጥ፣ እዚያው ይታጠብ። አዲስ ሸራ ሲገዙ ካርቶኑ ላይ ከአስቤስቶስ ነፃ የሚለውን ይፈልጉ፤ ሻጩ ማሳየት ካልቻለ ሌላ ሱቅ ይሂዱ።