ሻጩ ደግ ስለሆነ ቴሌቪዥኑ ደግ አይሆንም

አሜሪካ ውስጥ ቴሌቪዥን ልትገዙ ስትገቡ አንድ ሰው ፈገግ ብሎ ይቀርባችኋል። ሳሎናችሁ ስንት ሜትር እንደሆነ ይጠይቃል፤ ሦስት አራት ዓይነት ያሳያል፤ አንዳንዴም «ያኛው ለእናንተ ይበዛል፣ ይሄ ይበቃችኋል» ብሎ ርካሹን ይጠቁማል። አዲስ መጤ እዚህ ላይ ነው የሚሸነፈው። እንዲህ ያከበረኝን ሰው እንዴት እምቢ እለዋለሁ ብሎ ተጨማሪ ዋስትናውንም፣ ውዱን ኬብልም፣ የግድግዳ ማንጠልጠያውንም ተሸክሞ ይወጣል።

ተዉ! ማስተናገድ ሥራው ነው፤ ውለታ አልዋለላችሁም። ቤስት ባይን በመሳሰሉ መደብሮች ሠራተኛው ከሽያጩ ኮሚሽን አያገኝም፤ ርካሹን ብትገዙ ከኪሱ የሚጎድል የለም። ጠይቁት፣ አመስግኑት፣ ያላሰባችሁትን አትግዙ።

1. ወረቀት። ደረሰኙን እዚያው በስልክ ፎቶ አንሱት፤ ቀለሙ በጥቂት ወራት ሊጠፋ ይችላል።

2. መደብር ውስጥ። እዚያ የተደረደሩት ሁሉ ዓይን እንዲስቡ ብርሃናቸውና ቀለማቸው ተጋንኖ ነው የሚታዩት። ሪሞቱን አምጥቶ የምስሉን ዓይነት «ቤት» (Home) ወይም «ፊልም» (Movie) ወደሚለው እንዲቀይረው ለምኑት፤ ደስ ብሎት ያደርገዋል፣ እናንተም እውነተኛውን ምስል ታያላችሁ። 55 ኢንች የሚባለው ከጥግ እስከ ጥግ ነው፤ ወርዱ ወደ 122 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ብዙዎቹ እግራቸው ጫፍና ጫፍ ላይ ስለሆነ በሁለቱ እግሮች መካከል ያለውን ርቀት ለክታችሁ ከጠረጴዛችሁ ጋር አስተያዩ። ኬብል ካስፈለገ ለተራ ፎርኬ (4K) ቴሌቪዥን በሰከንድ 18 ጊጋቢት የሚያሳልፍ ርካሽ ኤችዲኤምአይ (ምስልና ድምፅ የሚያስተላልፍ ገመድ) ይበቃል፤ ባለ 48ቱ ለጌም ተጫዋች ልጆች ነው። ከመክፈላችሁ በፊት የመመለሻውን ጊዜ ጠይቁ። ኮስትኮ 90 ቀን ይሰጣል፣ የአምራቹንም የ1 ዓመት ዋስትና ወደ 2 ዓመት ያራዝማል፤ ቤስት ባይ ለተራ ደንበኛ 15 ቀን ነው።

3. ቤት ስትደርሱ። ካርቶኑን በዚያው ቀን ክፈቱ። ለሁለት ሆናችሁ ከጠርዙ ያዙት፤ እስክሪኑን በመዳፍ የተጫነ ሰው ራሱ ይሰብረዋል። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭና ጥቁር ብቻ የሆኑ ምስሎች በፍላሽ ጭናችሁ አንድ በአንድ አሳዩት። ነጩ ላይ መስመር ወይም የሞተ ነጥብ፣ ጥቁሩ ላይ (መብራት አጥፍታችሁ) ከጠርዝ የሚያፈስ ብርሃን ፈልጉ። የኤችዲኤምአይ ቀዳዳዎቹን ሁሉንም ሞክሩ። ካርቶንና ፎሙን የመመለሻው ቀን እስኪያልፍ አትጣሉ።

ጉድለት ካለው መልሱት። «ያ ልጅ ስንት ደክሞልኝ፣ ምን ይለኛል» እያሉ መስመር የወጣበትን እስክሪን ዓመት ሙሉ የሚያዩ አሉ። ምንም አይላችሁም! ዕቃ የሚቀበሉት ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያሉ ሌሎች ሰዎች ናቸው፤ ደረሰኙን አይተው ገንዘቡን ወደ ካርዳችሁ ይመልሳሉ። የአውሮፓ ኅብረት አገሮች ውስጥ ያላችሁማ በሕግ የ2 ዓመት ዋስትና አላችሁ፤ በኢንተርኔት የገዛችሁትን ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ ትችላላችሁ።

4. ወደ አገር ቤት መላክ። መስተንግዶው አማረ ብላችሁ አንድ ለራሳችሁ፣ አንድ ለእናታችሁ ትገዛላችሁ። ያ ሁሉ መስተንግዶ ግን ዕቃው ከአገር ሲወጣ ያበቃል። የአሜሪካው የአምራች ዋስትና አብዛኛውን ጊዜ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፤ ማንም ልውሰደው፣ ልቀይረው አይላችሁም።

ጀርባው ላይ ያለውን መለያ ያነበበ ስንቱ ነው? «100–240 ቮልት፣ 50/60 ኸርዝ» ካለ ሶኬቱን ብቻ ትቀይራላችሁ። «110–120 ቮልት» ብቻ ካለ ግን እኛ ዘንድ 220 ላይ እንደተሰካ ፓወር ቦርዱ (መብራት የሚቀበለው የውስጥ ክፍል) ይቃጠላል። ትራንስፎርመር አለ ትሉ ይሆናል። እሺ፣ እናታችሁ ቤት እንግዳ መጥቶ ስልኩን ቻርጅ ሊያደርግ ሲነቅልና ሲሰካ፣ ቴሌቪዥኑን መልሶ በቀጥታ ግድግዳው ላይ ቢሰካውስ?

አንቴናውም አይገጥምም። የአሜሪካው ሥርዓት ሌላ ስለሆነ ያለ ሪሲቨር የኢትዮጵያን ጣቢያ አያሳይም። ከአውሮፓ የሚገዛው ይሻላል፤ መብራቱ ከኛው ጋር አንድ ነው፣ ብዙውም የሳተላይት መቀበያ በውስጡ ስላለው ዲሹ ወደ 57 ዲግሪ ምሥራቅ ከዞረ ኢትዮሳትን ይስባል።

ጉዞውስ? የአየር መንገድ ሻንጣ የተለመደው ልክ ሦስቱ ጎኖች ተደምረው 158 ሴንቲ ሜትር ነው። ባለ 32 ኢንች ካርቶን ይገባል፤ ባለ 55ቱ ከ200 በላይ ነው። ለካርጎ ስትሰጡት አንዱ አጋድሞ ላዩ ላይ ሻንጣ ይጭንበታል። ካርቶኑ ደህና ሆኖ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ ፓኔሉን (እስክሪኑን) መቀየር ደግሞ የአዲስ ቴሌቪዥን ዋጋ ሊደርስ ምንም አይቀረው። በየዘመዱ ሳሎን በዳንቴል ተሸፍነው የቆሙት ጥቋቁር እስክሪኖች የማን ላብ ናቸው? የድርብ ፈረቃ ሠራተኛ ላብ ናቸው። ልጁ «ላከላቸው» ተብሎ ይመሰገናል፤ እናትየው ልጇ እንዳይከፋ መቃጠሉን አትነግረውም፤ እሱም በሚቀጥለው ዓመት የእህቱን ቤት ሊያስታጥቅ ሌላ ይገዛል።

ዋጋውን፣ ካርጎውን፣ ቀረጡን፣ ትራንስፎርመሩን ደምሩት። ከዚያ ገንዘቡን በባንክ ልካችሁ እዚያው ይገዛ። ወንድማችሁ ሱቅ ውስጥ ሳለ በቪዲዮ ደውሉለት። አስከፍቶ ያስበራው፣ ነጭ ምስል ላይ ያሳያችሁ፣ በዋስትናው ወረቀት ላይ ማኅተምና የሴሪያል ቁጥር መኖሩን፣ ቁጥሩም ጀርባው ላይ ካለው ጋር መግጠሙን ያንብብላችሁ። በተረፈው ስታቢላይዘር ይግዛ፤ መብራት ሄዶ ሲመጣ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ስለሚገባ፣ መብራት በሄደ ቁጥር ሶኬቱ ይነቀልና ከመጣ አምስት ደቂቃ በኋላ ይሰካ።