ጥያቄና መልስ፦ የቀድሞው ሠራዊት አባል የነበረ አባትን አገልግሎት ፍለጋ

ጥያቄ (ከሐዋሳ)፦ ጋሼ፣ አባቴ ወታደር ነበር። ሰሜን ዘምቶ አልተመለሰም። ከየት ልጀምር?

መልስ፦ በየትኛው ዓመት? መደበኛ ነበር፣ ሚሊሺያ ወይስ ብሔራዊ ውትድርና? መደበኛ ከነበረና ቤተሰቡ የጡረታ አበል ከተቀበለ፣ ማዕረጉንና የአገልግሎት ዘመኑን በጡረታ ፋይሉ ፈልግ። በ1975ቱ የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ የሄደ ከሆነ ግን የመለመለው ቀበሌው ወይም ገበሬ ማኅበሩ ነው። ከዚያው ቀበሌ በዚያው ዙር የሄዱትን ፈልግ፤ ስንተኛው ክፍለ ጦር እንደደረሳቸው አይረሱም።

ጥያቄ (ከጎንደር)፦ እኛ ዘንድ አንድ ፎቶና አንድ ደብዳቤ ብቻ አለ።

መልስ፦ «ብቻ» አትበይ፣ ብዙ ነው። መጀመሪያ የፎቶውን ጀርባ እዪ፦ የፎቶ ቤቱ ማኅተምና ቀን። የአስመራ ማኅተም ከሆነ ኤርትራ የነበረው ሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ሳይሆን አይቀርም። ቀጥሎ የክንዱን ማዕረግ፤ አስር አለቃና ሃምሳ አለቃ የሚለየው በጭረቱ ስለሆነ አጉልተሽ እዪው። ደብዳቤው ላይ የክፍለ ጦር፣ የብርጌድ ወይም የሻለቃ ቁጥር ካለ ከስሙ በፊት እሱን ያዢ፤ ስም ይመሳሰላል። የመጨረሻውን ደብዳቤ ቀን ከውጊያዎቹ ጋር አስተያዪ፦ አፍአበት (ናደው ዕዝ የተመታበት) መጋቢት 1980፣ ሽሬ (604ኛ ኮር የተመታበት) የካቲት 1981፣ ምጽዋ የካቲት 1982። ቀኑ ገጠመ ማለት ግን ሞተ ማለት አይደለም። የተማረከ ብዙ ነው፤ ክፍለ ጦርም ከግንባር ግንባር ይዛወር ነበር። ዋናውን ፎቶ ለማንም አትስጪ፤ ፊትና ጀርባውን ስካን አድርጊ።

አባል (ከስቶክሆልም)፦ አፍአበት እኮ 1988 ነው!

አባል (ከደሴ)፦ የፈረንጁን ነው የምትለው። በእኛ 80 ነው፣ መጋቢት 8 ተጀመረ።

አባል (ከስቶክሆልም)፦ ያነበብኩት መጽሐፍ 88 ነው የሚለው። ደግሞ የሽንፈቱ ጥፋት የማን ነበር...

መልስ፦ ጥፋቱን ሌላ ቦታ ተከራከሩ። የቀኑ ነገር ግን ፈላጊን ያሳስታል። የቀይ መስቀል የጠፋ ሰው መፈለጊያ ቅጽ ላይ «1980» ብቻ ከጻፋችሁ ስምንት ዓመት ቀድመው ይፈልጉታል። በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ፤ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ 7 ዓመት ነው፣ ከዚያ በኋላ 8።

ጥያቄ (ከድሬዳዋ)፦ አባቴ በ1970 ኦጋዴን ላይ ጠፋ። ሞቷል ተባልን።

መልስ፦ ማን አለ? በወረቀት ነው በወሬ? ሶማሊያ የያዘቻቸውን ምርኮኞች የለቀቀችው በ1980 ነው። በነሐሴ ወር ቀይ መስቀል 3,543 ኢትዮጵያውያንን ወደ አገራቸው መልሷል፤ አሥር ዓመት የታሰረ አለ። በአቅራቢያህ ያለው የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ቅርንጫፍ ሄደህ ቤተሰብ የማገናኘት አገልግሎቱን ጠይቅ፤ ክፍያ የለውም። የአባትህን ስም እስከ አያት፣ የእናቱን ስም፣ ቅጽል ስሙን፣ የትውልድ ቦታውን በዚያን ጊዜ አጠራር (ክፍለ ሀገርና አውራጃ)፣ ክፍለ ጦሩን ያዝ። ስሙን በላቲን ፊደል ሊጻፍ በሚችልባቸው መንገዶች ሁሉ ጽፈህ ስጥ፤ መዝጋቢው የውጭ ሰው ከነበረ እንደሰማው ነው የጻፈው።

ጥያቄ፦ የጡረታ ውዝፍ መጠየቅ እችላለሁ?

መልስ፦ ጠበቃ ጠይቂ።

ጥያቄ፦ ቴሌግራም ላይ አንድ ሰው የሙታን ዝርዝር አለኝ፣ ብር ላክና ስሙን አሳይሃለሁ ይላል። ፎቶውንም ዋናውን አምጣ አለኝ።

መልስ፦ አትክፈል። ዋናውን አትስጥ። ከላይ ተናግሬያለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ የኔም አባት ወታደር ነበር፤ እባካችሁ ፈልጉልኝ።

መልስ፦ ዓመቱን፣ የተመለመለበትን ቀበሌና መጨረሻ ወሬው የመጣበትን ቦታ ጻፍ። ያለዚያ ልረዳህ አልችልም።