ለቤት ስቱዲዮ ጀማሪዎች፦ ጥፋታችሁን የሚነግራችሁን ሄድፎን ምረጡ

ውድ ልጆቼ፣

በቤታችሁ ትንሽ ስቱዲዮ ለማደራጀት ስታስቡ ብዙዎቻችሁ በመጀመሪያ የምትጠይቁኝ የትኛውን ማይክሮፎን እንደምትገዙ ነው። እኔ ግን መልሴን ሁልጊዜ ከሄድፎን እጀምራለሁ። ድምፅ መቅረጽ ከወጣትነት እስከ ሽበት የኖርሁበት ሙያ ነው፤ ይህን ቅደም ተከተል የምነግራችሁም አስቤበት ነው። ማይክሮፎኑ ትክክለኛ ቦታ ላይ መቆሙን፣ ዘፋኙ በጣም መቅረቡን ወይም መራቁን፣ ቤዙ (ወፍራሙ የታችኛው ድምፅ) መብዛቱን፣ ሬቨርቡ (በድምፁ ላይ የሚጨመረው ማስተጋባት) ግጥሙን መዋጡን የምታውቁት ሄድፎናችሁ ባሰማችሁ ልክ ብቻ ነው። እርሱ ከዋሻችሁ ውድ ማይክሮፎን አያድናችሁም።

በገበያ ላይ ያሉት አብዛኞቹ ሄድፎኖች የተሠሩት ሙዚቃ ለሚያዳምጥ እንጂ ሙዚቃ ለሚሠራ ሰው አይደለም። አምራቾቹ ቤዙን ከፍ ያደርጉታል፤ ከላይ ያሉትንም ቀጫጭን ድምፆች ያደምቋቸዋል። ለአድማጭ ይህ ደስ ይላል፤ ነውርም የለበትም። በእንዲህ ያለ ሄድፎን ሚክስ ስታደርጉ፣ ማለትም የተቀረጹትን ድምፆች መጥናችሁ ስታዋህዱ፣ የሚሆነውን ግን አስቡት። ሳህኑ ላይ አስቀድሞ ክብደት ያረፈበት ሚዛን የያዘ ነጋዴ፣ ሳያውቀው እያጎደለ ይሸጣል። እናንተም ቤዙ የበቃ ስለሚመስላችሁ ትቀንሱታላችሁ፤ ዘፈኑ በሌላ መሣሪያ ሲከፈት የሳሳና መሠረት ያጣ ይሆናል። ስለዚህ ሄድፎን ስትመርጡ "የትኛው ያስደስተኛል?" ማለቱን ትታችሁ "የትኛው ጥፋቴን ያሳየኛል?" ብላችሁ ጠይቁ። ከዚህ ደብዳቤ ሌላውን ሁሉ ብትረሱ እንኳ ይህችን ጥያቄ ያዙልኝ።

የሙያችን ታሪክም ለዚህ ምስክር አለው። ያማሃ በ1978 እ.ኤ.አ. ኤንኤስ 10 የተባለ ስፒከር ለቤት አድማጮች አወጣ። ስፒከሩ ጆሮን የሚያባብል አልነበረም፤ ቤዙ አነስተኛ ሲሆን፣ የሰው ድምፅና ጊታር የሚገኙበት መካከለኛው ክልል ግን ጎልቶ ይወጣበታል። በቤት ውስጥ ብዙም ያልተወደደው ይህ ስፒከር በ1980ዎቹ በታላላቅ ስቱዲዮዎች ጠረጴዛ ላይ በክብር ተቀመጠ። ባለሙያዎቹ ያከበሩት ድምፁ ስላማረ አይደለም። ሥራው በእርሱ ላይ ደህና ሆኖ እስኪሰማ ድረስ ከለፉበት፣ በሌላ ቦታም እንደሚያምር ስላዩ ነው።

ወደ ምርጫው ስንገባ በቅድሚያ መለየት ያለባችሁ ዝግና ክፍት ሄድፎንን ነው። ዝግ ሄድፎን ጀርባው የተደፈነ ስለሆነ ድምፁ ወደ ውጭ ብዙ አይወጣም፤ የውጭውም ወደ ውስጥ ብዙ አይገባም። ክፍት ሄድፎን ደግሞ ጀርባው ወንፊት ስለሆነ አየሩ ይመላለስበታል፤ ድምፁ ሰፋ ያለና ተፈጥሯዊ ሆኖ ይሰማል፤ ለረጅም ሰዓትም ጆሮን አያፍንም። ሆኖም ዘፋኙ ክፍት ሄድፎን አድርጎ ማይክሮፎን ፊት ቢቆም፣ የሜትሮኖሙ (የምት መቁጠሪያው) ምትና የአጃቢው ሙዚቃ ሾልኮ ቀረጻው ውስጥ ይገባል። በተለይ ሙዚቃው ዝም ብሎ ድምፅ ብቻውን በሚቀርበት ቦታ ላይ ያ ምት ከኋላ ቀጭ ቀጭ ሲል ይሰማል፤ ከገባ በኋላ ደግሞ ማውጣቱ እጅግ ከባድ ነው። ሁለት መግዛት ለሚችል ሰው ዝጉ ለቀረጻ፣ ክፍቱ ለሚክሲንግ ይሁን። አንድ ብቻ መግዛት ለሚችል ሰው ያለማመንታት ዝጉን እላለሁ። በዝግ ሄድፎን ሚክስ ማድረግ ይቻላል፤ በክፍት ሄድፎን ግን ንጹሕ የድምፅ ቀረጻ ማግኘት ያስቸግራል።

ስም ጥቀስልን ለምትሉኝ፣ በብዙ ስቱዲዮዎች የተፈተኑ ጥቂቶችን ልጥቀስ። የሶኒ ኤምዲአር 7506 ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲሠራበት የኖረ ዝግ ሄድፎን ነው። ከላይኛው ክልል ጠንከር ስለሚል የማይክሮፎን ጫጫታን፣ የ"ስ" ፉጨትንና የተሳሳተ የቅጂ መገጣጠሚያን አይደብቅም፤ ለዚህም እወደዋለሁ። የቤየርዳይናሚክ ዲቲ 770 ፕሮም ዝግ ነው፤ ልስልስ ትራሱ ለረጅም ሰዓት ሥራ ይመቻል። ከክፍቶቹ መካከል ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 በመካከለኛው ክልል ሚዛናዊነቱ የታወቀ ነው። ከእነዚህ አንዱም ፍጹም አይደለም፤ የእያንዳንዱን ጠባይ ማወቅ የእናንተ ፋንታ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ቁጥር አለ፤ ኦህም፣ ማለትም ሄድፎኑ ኤሌክትሪክን የሚቋቋምበት መጠን። ዲቲ 770 ፕሮ በ32፣ በ80 እና በ250 ኦህም ይሸጣል፤ ኤችዲ 600 ደግሞ 300 ኦህም ነው። ቁጥሩ ከፍ ሲል ጥራቱ ከፍ አለ ማለት አይደለም። ኦህሙ ከፍ ያለ ሄድፎን በቂ ድምፅ እንዲያወጣ ከፍ ያለ ቮልቴጅ ይፈልጋል፤ ከስልክ ወይም ከላፕቶፕ ጋር ስታገናኙት ድምፁ የደከመ ይሆንባችኋል። ኃይሉን ከኮምፒውተር በዩኤስቢ ከሚያገኝ አነስተኛ የድምፅ ካርድ (ማይክሮፎንና ሄድፎን የሚሰኩበት መሣሪያ) ጋር የምትሠሩ ከሆነ ከ32 እስከ 80 ኦህም ያለው ይበቃችኋል። 250 እና 300 ኦህም ያላቸውን ግን ጠንካራ የሄድፎን ማጉያ ከሌላችሁ አትግዙ።

ብሉቱዝ ሄድፎንን ለቀረጻ አትጠቀሙ። ምክንያቱ የጥራት ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ መዘግየት ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በአንድ ሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ስለዚህ የ10 ሚሊ ሰከንድ መዘግየት ከሦስት ሜትር ተኩል ርቀት ላይ ሆኖ እንደመስማት ነው፤ ይህን ሙዚቀኛ ይለምደዋል። ብሉቱዝ ግን በተለመደው አሠራሩ እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ሊዘገይ ይችላል። ይህ ማለት ከበሮ መቺው ወደ 70 ሜትር ርቆ ቆሞ አብራችሁ ስትጫወቱ ማለት ነው። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ምት የሚጠብቅ ሰው የለም፤ ዘፋኙም ጥፋቱ የራሱ እየመሰለው ይጨነቃል። ገመድ ይኑራችሁ፤ ገመዱ ከሄድፎኑ ተነቅሎ የሚቀየር ቢሆን ደግሞ የተሻለ ነው፤ ቶሎ የሚበላሸው እርሱ ነውና።

ለመግዛት ስትሄዱ አዳዲስ ዘፈን ሳይሆን በልባችሁ የምታውቁትን ዘፈን ይዛችሁ ሂዱ። ቤዙ የት እንደሚገባ፣ ዘፋኙ የት ላይ እንደሚተነፍስ የምታውቁት ዘፈን መሆን አለበት። ሁለት ሄድፎን ስታወዳድሩ የድምፅ መጠናቸውን በተቻለ መጠን አስተካክሉ። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና ማንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት እንዳሳዩት፣ የድምፅ መጠን ሲቀንስ ጆሯችን ቤዙን ከመካከለኛው ድምፅ ይበልጥ ይረሳል። ስለዚህ ትንሽ ጮክ ያለው ሄድፎን፣ በእውነት ባይበልጥ እንኳ፣ የሞላና ያማረ ይመስላችኋል። ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አድርጋችሁ ተቀመጡ፤ ራስ የሚጨምቅ ሄድፎን በሁለተኛው ሰዓት ላይ ውሳኔያችሁን ያበላሻል። መነጽር የምታደርጉ ደግሞ ከነመነጽራችሁ ሞክሩት፤ የመነጽሩ እግር በትራሱና በቆዳችሁ መካከል ክፍተት ከፈጠረ ዝግ ሄድፎን ቤዙን ያፈሳል። ወፍራም ጸጉርም እንዲሁ ያደርጋል። ያረጀና የተሰነጣጠቀ ትራስ ድምፁን ስለሚለውጥ፣ መለዋወጫው የሚገኝለትን ሞዴል ምረጡ።

ከገዛችሁ በኋላ ያለው ሥራ ከግዢው ይበልጣል። ለሳምንታት ሌላ ነገር ሳትቀያይሩ የምትወዷቸውንና በሙያ የተሠሩ ዘፈኖችን በእርሱ ብቻ ስሙ። ኪኩ (በእግር የሚመታው ትልቁ ከበሮ) እና ቤዙ በዚህ ሄድፎን ላይ እንዴት ይለያያሉ? የዘፋኙ ድምፅ ከሙዚቃው ምን ያህል ይወጣል? ይህ በጆሯችሁ ሲሰርጽ የራሳችሁን ሥራ ከእርሱ ጋር ማነጻጸር ትችላላችሁ። በየወሩ መሣሪያ የሚቀይር ወጣት ሳይ አዝናለሁ፤ ጆሮው ማረፊያ ሳያገኝ ይቀራል።

ሄድፎን የማያሳያችሁም ነገር አለ። በክፍል ውስጥ በስፒከር ስትሰሙ የግራው ድምፅ በቅጽበት ዘግይቶም ቢሆን ወደ ቀኝ ጆሯችሁ ይደርሳል። በሄድፎን ግን የግራው ለግራ፣ የቀኙ ለቀኝ ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት ድምፆቹ ከእውነቱ በላይ የተራራቁ ይመስላሉ፤ ትንሽ ሬቨርብም ብዙ ሆኖ ይሰማል። ሚክሳችሁን ስትጨርሱ በስልክ ስፒከር፣ በመኪና ውስጥና በሞኖ (ግራና ቀኙ ወደ አንድ ተቀላቅሎ) ሳትሰሙት ለማንም አትላኩ። በሞኖ ስትሰሙት የሚጠፋ መሣሪያ ካለ፣ ችግሩ ያለው ስቴሪዮውን ባሰፋችሁበት መንገድ ነው።

አሁን ወደ ማይክሮፎኑ ልምጣ። ያልተዘጋጀ ክፍል ውስጥ ለምትዘፍኑ ጀማሪዎች ዳይናሚክ ማይክሮፎን (ከሩቅ ያለውን ድምፅ ብዙ የማይለቅመውን ዓይነት) እመክራለሁ። የሹር ኤስኤም 57 በ1965፣ ኤስኤም 58 ደግሞ በ1966 እ.ኤ.አ. ወጡ፤ ዛሬም ይሠራሉ። ኮንደንሰር ማይክሮፎን ረቂቅ ነው፤ 48 ቮልት ፋንተም ፓወርም (ከድምፅ ካርዱ በማይክሮፎኑ ገመድ የሚላክለትን ኤሌክትሪክ) ይፈልጋል፤ ነገር ግን ረቂቅነቱ የክፍላችሁን ማስተጋባትና የደጁን ጫጫታም አብሮ ያመጣል። የትኛውንም ብትይዙ ርቀትን አጥኑ። ከማይክሮፎኑ ያላችሁን ርቀት በግማሽ ስትቀንሱ የድምፃችሁ ጉልበት በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) ያህል ይጨምራል፤ የክፍሉ ማስተጋባት ግን ባለበት ይቆያል። ወደ 15 ሴንቲ ሜትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው፤ ከዚያ በጣም ስትቀርቡ ድምፃችሁ እየወፈረ ይሄዳል፤ "ፐ" እና "ብ" የሚሉትም ትንፋሾች ይፈነዳሉ።

ክፍሉን በሚመለከት፣ የእንቁላል መያዣ ካርቶን ግድግዳ ላይ መለጠፍን ተዉት። ስስ ስፖንጅም ከላይኛው ድምፅ ጥቂት ይውጣል እንጂ ቤዙን አይነካውም። የ100 ኸርዝ (በሰከንድ 100 ጊዜ የሚርገበገብ) የቤዝ ድምፅ የሞገድ ርዝመቱ 3 ሜትር ከ40 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ እርሱን ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፖንጅ አያቆመውም። 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆነ የማዕድን ሱፍ በጨርቅ ሸፍናችሁ በማዕዘኖቹ ብታቆሙ ልዩነቱን ወዲያው ትሰማላችሁ። ያም ከሌለ በልብስ የተሞላ ቁም ሣጥን ፊት ለፊት፣ ከኋላችሁም ወፍራም ብርድ ልብስ ተሰቅሎ ብትዘፍኑ መልካም ነው። ይህ ሁሉ ማስተጋባትን ይቀንሳል፤ የጎረቤት ድምፅ እንዳይገባ ማድረግ ግን ሌላና እጅግ ውድ ሥራ ነው። ጸጥ ያለ ሰዓት መምረጥ ይሻላል።

የድምፅ ካርዱ ሁለት ማስገቢያ፣ 48 ቮልት፣ 24 ቢት (ድምፁ የሚመዘገብበት የዝርዝርነት ደረጃ) ቀረጻና ዘፋኙ ራሱን ሳይዘገይ የሚሰማበት ቀጥታ ማዳመጫ ካለው ለመጀመሪያ ዓመታት ይበቃል። በ24 ቢት ስትቀርጹ ደረጃውን እስከ ጣሪያው አትግፉ፤ ከፍተኛው ጩኸት ከዜሮ (ከጣሪያው) በታች 10 ወይም 12 ዴሲቤል ላይ ቢያርፍ ምንም አትከስሩም። ሶፍትዌሩን በተመለከተ ጭቅጭቁ ብዙ ነው፤ እኔ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው ባይ ነኝ። አንዱን ያዙና በደንብ እወቁት።

የመጨረሻው ጉዳይ ጆሯችሁ ነው። በሥራ ቦታ ደኅንነት ጥናት የሚታወቅ የአሜሪካ ተቋም ያስቀመጠው ገደብ 85 ዴሲቤል ለ8 ሰዓት ነው፤ በየ3 ዴሲቤሉ ጭማሪ ጊዜው በግማሽ ይቀንሳል። 94 ዴሲቤል ላይ የቀራችሁ አንድ ሰዓት ብቻ ነው። በውስጠኛው ጆሮ ውስጥ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም፤ ሄድፎኑም በቀጥታ ወደ እነርሱ ነው የሚያፈሰው። ስለዚህ የሥራችሁን አብዛኛውን ክፍል፣ አጠገባችሁ ያለ ሰው ሲያናግራችሁ ቃሉን ለመለየት በማትቸገሩበት መጠን ሥሩ፤ ጮክ አድርጋችሁ መስማት ካለባችሁም ለጥቂት ደቂቃ ይሁን። በየሰዓቱ ሄድፎኑን አውልቃችሁ ዕረፉ። ሥራ ስትጨርሱ ጆሯችሁ ውስጥ ፉጨት ከሰማችሁ የዚያን ቀን ሄድፎን መልሳችሁ አታድርጉ፤ በማግሥቱም ካልለቀቃችሁ ወደ ጆሮ ሐኪም ሂዱ።